እንግሊዝኛ ስናገር ቃሉ ይጠፋብኛል፤ የመርሳት በሽታ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ44 ዓመት ሴት ነኝ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ አረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። አድሬ ጠዋት ለተረኛ ሳስረክብ የእያንዳንዱን አዛውንት ሁኔታ ለነርሷ በእንግሊዝኛ እነግራለሁ። ሁሉን አውቀዋለሁ፤ አፌን ስከፍት ግን ብን ይልብኛል። ቤት በአማርኛ ሳወራ ምንም አይለኝም። እናቴ በመርሳት በሽታ ነው ያረፈችው። እኔንም ጀምሮኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ትልቁ ፍንጭ «በአማርኛ ምንም አይለኝም» ያሉት ነው። አማርኛውን ሳይነካ፣ ያውም በርክክብ ሰዓት ብቻ መምጣት አብዛኛውን ጊዜ የመርሳት በሽታ ጠባይ አይደለም።

የተጨናነቀብዎ ዎርኪንግ ሜሞሪ የምንለው ነው። እስክሪብቶ ሲጠፋ ስልክ ቁጥር በከንፈራችን እየደጋገምን የምንይዝበት ማለት ነው፤ መሃል ላይ አንድ ሰው «ስንት ሰዓት ነው?» ካለ ቁጥሩ የለም። ቦታው ጠባብ ነው፣ በአንዴ አራት ነገር ያህል ቢይዝ ነው። አማርኛ ሰዋስው ከዚያ ቦታ አይሻማም። «እግሯን ስላመማት ሌሊቱን አልተኛችም» ሲሉ ማንነቷም፣ ጊዜውም፣ አሉታውም መጨረሻ ላይ «አልተኛችም» ውስጥ ተጠቅልሎ ይወጣል። እንግሊዝኛው ግን ብዙ ጊዜ ገና ሲጀምሩ «ሺ ዲድ ኖት ስሊፕ» ያስብላል፤ ምክንያቱ ከኋላ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን ሲያገላብጡ እግሯ ያመልጥዎታል። የእንቅልፍ እጦቱና የነርሷ ዓይን ሲጨመርበትማ!

መላው ሐሳቡን ቀድሞ ማዘጋጀት ነው። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዎቹ ፎስተርና ስኬሃን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመናገራቸው በፊት 10 ደቂቃ የተሰጣቸው እንግሊዝኛ ተማሪዎች ካልተሰጣቸው ይልቅ ሳይቆራረጡ፣ ውስብስብ በሆነ ዓረፍተ ነገር ተናግረዋል። እርስዎ 10 ደቂቃ ከየት ያመጣሉ? ሦስትም ትጠቅማለች። በኪስ ወረቀት ላይ ከስም ይልቅ የክፍል ቁጥርና ሁለት ቃል ይጻፉ፦ «እግር፣ እንቅልፍ»። ከመውጣትዎ በፊት ይቅደዱት። ሙሉውን ግን አይሸምድዱ፤ ሽምደዳ አንድ ቃል ሲጎድለው ሁሉም ይናዳል። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ መጸዳጃ ቤት ገብተውም ቢሆን ጮክ ብለው ይበሏት። እኔም ውጭ አገር በተለማመድኩበት ዓመት ከጋውን ኪሴ ወረቀት አይጠፋም ነበር።

ድካም ከበዛብዎ የደም ማነስ፣ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ያድርጉ። በአማርኛም ቃል ከጠፋብዎ፣ ምድጃ ለኩሰው መርሳት ወይም የለመዱት መንገድ መሳት ከመጣ ሐኪም ፊት ይቅረቡ። አንደበት በድንገት ቢተሳሰር፣ አፍ ቢጣመም፣ እጅ ቢዝል ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያው 911 ይደውሉ።