በበረንዳችን ያረፈችው አረንጓዴ የእሳት እራት

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በግንቦት ወር አንድ ጠዋት፣ መዳፌን የምታህል፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ መልክ ያላት፣ ከኋላ ክንፎቿ ሁለት ረጃጅም ጭራዎች የወረዱላት ፍጥረት በበረንዳችን መብራት ሥር ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አገኘናት። ልጆቼ ውኃ በስኳር በጥብጠው ቢያቀርቡላት አልነካችውም፤ ቀኑን ሙሉም አልተነቃነቀችም። ምንድን ናት? ታማ ከሆነስ እንዴት እንርዳት?

መልስ፦ ያገኛችኋት ሉና የተባለችው የእሳት እራት ናት፤ ሳይንሳዊ ስሟ አክቲያስ ሉና ነው። ከደቡብ ካናዳ እስከ ፍሎሪዳና ቴክሳስ በሚዘልቀው የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ቅጠላቸውን በሚያረግፉ ዛፎች ደን ውስጥ ትኖራለች። በአካባቢያችሁ ይህን መልክና ይህን ጭራ አጣምሮ የያዘ ሌላ የእሳት እራት ስለሌለ መለየቱ አያስቸግርም። በአራቱም ክንፎቿ ላይ ዓይን የመሰለ ነጥብ አለ፤ የፊት ክንፎቿን ጠርዝ ደግሞ ወይን ጠጅ መሳይ ጥቁር መስመር ይከተለዋል። አንቴናዋ እንደ ላባ ሰፊ ከሆነ ወንድ ነው፤ ቀጠን ብሎ ሆዷ ከወፈረ ሴት ናት።

አልታመመችም። ሉና ክንፍ ካወጣች በኋላ የምትመገብበት የዳበረ አፍ ስለሌላት፣ በአባጨጓሬነቷ ባጠራቀመችው ስብ አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ትኖራለች፤ ቀን ዐርፋ የምትውለውም ሌሊት ተጓዳኝ ለማግኘትና እንቁላል ለመጣል ነው። ጭራዎቿም ለጌጥ ብቻ አይደሉም፦ በምትበርበት ጊዜ እየተጠማዘዙ የሌሊት ወፍ በድምፅ የሚያደርገውን አደን ያሳስታሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጭራቸው የተቆረጠባቸው ሉናዎች በሌሊት ወፍ በብዛት እንደሚያዙ አሳይቷል።

አብዛኛው ዕድሜዋ ግን ያለፈው እናንተ ሳታዩዋት ነው። እንቁላሉ በቅጠል ላይ ተጥሎ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ ከውስጡ የሚወጣው አረንጓዴ አባጨጓሬ ዋልነት፣ ሂኮሪ ወይም ስዊትገም የተባሉትን ዛፎች ቅጠል እየበላ፣ አራት ጊዜ ቆዳውን እየቀየረ አንድ ወር ገደማ ያድጋል። ከዚያም ቅጠል በሐር ክር በራሱ ላይ ጠቅልሎ ሙሽሬ፣ ማለትም ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ተሸፍኖ የሚቆይበት ደረጃ ላይ ያለ ፍጥረት፣ ይሆናል። በበጋው የተጠቀለለው በሳምንታት ውስጥ ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ፣ በመኸር የተጠቀለለው ግን በመሬት ላይ በረገፈ ቅጠል መካከል ክረምቱን ያሳልፋል። የእናንተዋ በግንቦት ስለታየች ያለፈውን በረዶ የተሻገረችው በዚሁ ዓይነት ነው።

ስለዚህ ልትረዷት ከፈለጋችሁ የበረንዳውን መብራት ሌሊት አጥፉላት፤ ብርሃኑ ከጉዳይዋ ያስተጓጉላታል። ከእነዚህ ዛፎች ሥር የረገፈውን ቅጠልም በመኸር ጠርጋችሁ በከረጢት አትጣሉት፤ በሣር ማጨጃም አትፍጩት። ሙሽሬው ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። ግድግዳው ላይ እንቁላል ጥላ ከሄደችም፣ አባጨጓሬዎቹ እንደተፈለፈሉ በለስላሳ ብሩሽ አንስታችሁ የዋልነት ወይም የስዊትገም ቅጠል ላይ አኑሯቸው።