ስለ ሙከራ ጠይቁኝ፦ ከጤፍ አበባ እስከ ኮንክሪት ኪዩብ

ባለፈው ሳምንት «ስለ ሳይንሳዊ ሙከራ የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። ከግብርናውም፣ ከሕክምናውም፣ ከግንባታውም ብዙ ጥያቄ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። መስካችሁ ይለያይ እንጂ የብዙዎቻችሁ ጭንቀት አንድ ነው፦ «ያየሁት ለውጥ እውነት እኔ ባደረግኩት ነገር የመጣ ነው?» ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ በማየትና በመሞከር መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሙከራ ለመሥራት የግድ ላብራቶሪ ያስፈልጋል? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ሥራ ላንሳልህ። በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ያጠኑ ነበር። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ይታያሉ። ከፍ ብሎ ያሉት ግን ደህና ናቸው።

እስከዚህ ያለው ምልከታ ነው። ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የልብሱ እድፍ ሊሆን ይችላል። የእግር ኮቴ የቀሰቀሰው ጭቃም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው ዕቃ ውስጥ ጨመሩና ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድታደርግበት ጠየቋት። ብዙም ሳይቆይ ሞቱ።

ሙከራው የጀመረው እዚያ ላይ ነው። አንድ ነገር ሆን ብለው ቀየሩ፣ የሚሆነውን ጠበቁ። ላብራቶሪው ያን ቀን ወንዝ ዳር ነበር። ምን ያህል እንዶድ በምን ያህል ውሃ፣ ለስንት ሰዓት የሚለው ጥናት ከዚያ በኋላ ዓመታት ወሰደ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ይህን ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ብናስተምረው እንዴት ደስ ባለኝ! እንዶድ እድፍ እንደሚያስለቅቅ እናቶቻችን ድሮም ያውቁ ነበር። እሳቸው ያመጡት አዲሱን ጥያቄ ነው።

አክስቴ «የይርጋጨፌንና የሲዳማን ቡና ቀምሼ እለያለሁ» ትላለች። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ክርክር ነው። እንዴት እናረጋግጥ? (ከአዲስ አበባ)

ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ስምንት ሲኒ አዘጋጁ። አራቱ ይርጋጨፌ፣ አራቱ ሲዳማ ይሁኑ። አራት አራት መሆናቸውን ንገሯት። የሲኒዎቹን ቅደም ተከተል በዕጣ አውጡ፤ በልባችሁ አትደርድሩት፤ ሰው ሳያውቀው ሥርዓት ይፈጥራል። ቡናውን የቀዳው ሰው ስትቀምስ አጠገቧ አይቁም፤ ፊቱ ይናገራል። አቆላሉ፣ ውሃውና ሙቀቱ እኩል ይሁን። አንዱ ጠቆር ብሎ ከተቆላ የለየችው አቆላሉን ነው እንጂ ቡናውን አይደለም።

አሁን ሒሳቡን ተመልከት። ከስምንት ሲኒ አራቱን መምረጥ የሚቻልባቸው መንገዶች 70 ናቸው። ስለዚህ ምንም ሳታውቅ በግምት ብቻ ሁሉንም የማግኘት ዕድሏ ከ70 አንድ ነው። ሁሉንም ካገኘች እጅ ስጡ! ከአራቱ ይርጋጨፌ ሦስቱን ብቻ ካገኘችስ? በግምት ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል 17 ከ70 ነው፤ ከአራት አንድ ገደማ ማለት ነው። ይህ ክርክሩን አይዘጋም። ስለዚህ «ስንት ብታገኝ እናምናለን?» የሚለውን ከመቅመሷ በፊት ጽፋችሁ አስቀምጡ። ውጤቱን ካዩ በኋላ መስፈርት ማውጣት ለብዙ የተሳሳተ ጥናት ምክንያት ሆኗል።

ንድፉ የእኔ አይደለም። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1935 በሻይና በወተት አስረድቶታል። ዛሬ መድኃኒትና ዘር የሚፈተሽበት መንገድ ከዚሁ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው።

የመመረቂያ ጥናቴ በማዳበሪያ ላይ ነው። ሦስት መደብ አለኝ፣ ለእያንዳንዱ የማዳበሪያ መጠን አንድ አንድ። ከየመደቡ 20 ተክል ለካሁ። ናሙናዬ 60 ነው ብዬ ልጻፍ? (የእጽዋት ሳይንስ ተማሪ)

አይ እህቴ፣ አትጻፊ። ማዳበሪያውን የሰጠሽው ለመደቡ እንጂ ለእያንዳንዱ ተክል ለየብቻ አይደለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጠን ያለሽ ድግግሞሽ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው መደብ ድሮ ከብት ያደረበት ቢሆንስ? ሃያዎቹም ተክሎች አብረው ያምሩበታል፤ አንቺም ማዳበሪያው ነው ትያለሽ። ሃያ ጊዜ መለካትሽ የመደቡን አማካይ ያጠራልሻል፣ ይህ አይናቅም። ግን መደብን ከመደብ የሚለየውን የአፈር ጣጣ አያጠፋውም።

መፍትሔው መሬቱን በብሎክ መክፈል ነው። ማሳው ተዳፋት ከሆነ ላይኛው አንድ ብሎክ፣ መካከለኛው አንድ፣ ታችኛው አንድ፣ ከተቻለ አራተኛም ይኑር። በየብሎኩ ውስጥ ሦስቱም መጠኖች ይግቡ፣ ቦታቸው በዕጣ ይውጣ። ከታች ውሃ ቢተኛ ሦስቱንም እኩል ይነካል። የዳር መስመሮችን አትለኪ፤ ዳር ያለ ተክል ብርሃንም ቦታም ይተርፈዋል። ወቅቱ ካላለፈብሽ አማካሪሽን ዛሬውኑ አነጋግሪ። ካለፈብሽም ያለሽን በሐቅ ጻፊ፦ «ለእያንዳንዱ መጠን አንድ መደብ ነበር፤ ውጤቱ አመላካች ነው» በይ። ይህን የሚጽፍ ተማሪ ያከበርኩትን ያህል ማንንም አላከብርም።

ከአገራችን ምርምር አንተን በጣም የሚያስደንቅህ የቱ ነው? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

የጤፍ ማዳቀል! ያለምንም ማመንታት።

ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው። አንድ ግራም ውስጥ ከ2,500 በላይ ፍሬ ይገባል። አበባውን በዓይን ማየት ራሱ ትግል ነው። ሁለት ዝርያ ለማዳቀል ደግሞ የአንዱን አበባ ከፍቶ፣ የራሱ ብናኝ ሳይነካው ወንዴውን ነቅሎ፣ የሌላውን ብናኝ ማምጣት ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ አይሆንም ተብሎ ተመራማሪዎች ከገበሬው ዘር የተሻለውን በመምረጥ ብቻ ይሠሩ ነበር።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈትበትን ሰዓት አገኙ። ማለዳ ነው፣ በእኛ ሰዓት 1 ሰዓት ገደማ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ። ስለዚህ አዳቃዩ በዚያች ሰዓት ማጉያ መነጽሩ ላይ አጎንብሶ፣ በቀጭን መቆንጠጫ ትንፋሹን ይዞ ይሠራል። ከረፈደ በኋላ ደርሶ «ጤፍ አይዳቀልም» ያለ ሰው ያየውን ነው የተናገረው። ግን ያየው ከሰዓቱ ውጪ ነው።

በ2006 ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የተባለ የጤፍ ዝርያ የዚህ ዘዴ ልጅ ነው። አንዱ ወላጁ ዱካም ምርቱ ጥሩ ነው። ሌላኛው ማኛ ነጭነቱ ገበያ ይወደዋል። ሁለቱን ማጋባቱ መጀመሪያው ብቻ ነው። ልጆቹ ጠባያቸው እስኪረጋ ትውልድ በትውልድ ይዘራሉ፣ ከዚያ በተለያየ ቦታና ዓመት ከነባሩ ዘር ጎን ይፈተናሉ። አንድ ቦታ ላይ ያማረ ሌላ ቦታ ሊያሳፍር ይችላልና።

ሳይት ላይ ነው የምሠራው። ሲ-25 ኮንክሪት ኪዩቡ ሁልጊዜ ያልፋል፣ አምዱ ላይ ግን ክፍተትና የወጣ ጠጠር እናያለን። እንዴት ይሆናል? (ሲቪል መሐንዲስ)

ኪዩቡ፣ ማለትም ለፍተሻ ተብሎ ለብቻው የሚሞላው የኮንክሪት ናሙና፣ የሚናገረው ስለ ድብልቁ ነው፤ አምዱ ውስጥ ስለ ገባው ሥራ አይናገርም። ባለ 15 ሳንቲሜትሩ ሻጋታ ውስጥ ስትሞላው ንብርብር በንብርብር በደንብ ትጠቀጥቀዋለህ። በማግስቱ ፈትተህ ውሃ ውስጥ ታስተኛዋለህ። አምዱ ግን ብረቱ ተጨናንቆ ቫይብሬተሩ (ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚጠቀጥቀው ማሽን) አልደረሰበት ይሆናል። ፀሐይ ላይ ቆሞም ውሃ ያጠጣው የለም ይሆናል። 675 ኪሎኒውተን ችሎ የተሰበረ ኪዩብ 30 ሜጋፓስካል ነው። ለሲ-25 ከሚፈለገው 25 በላይ ስለሆነ ጥሩ ነው፣ ግን የኪዩቡ ቁጥር ነው።

ሁለት ነገር ግን ጠይቅ። ናሙናው ከየትኛው ሚክስ እንደሚወሰድ የሚወስነው ማነው? የሚያምረው ሚክስ ተመርጦ ከሆነ፣ ችግሩ ቅድም ለእህታችን ስለ ዕጣ ካልኩት ጋር ያው ነው። ሁለተኛ፣ ኪዩቡ ማሽኑ ላይ ሲገባ የሚጫነው በሻጋታው በኩል ያለው ለስላሳ ጎን መሆን አለበት፤ በማንኪያ የተስተካከለው ፊት መሆን የለበትም። አምዱን ከተጠራጠርክ ራሱን አምዱን ፈትሽ፦ ከመዋቅር መሐንዲሱ ጋር ተነጋግራችሁ ኮር (ከአምዱ ተቆፍሮ የሚወጣ ናሙና) አስወጣ። የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ስለሆነ አትፈር።

ልጄ፣ እኛ ዳማከሴ ጨምቀን ጉንፋን ስናድን ኖረናል። ዶክተሮች ለምን አያምኑንም? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

እማማ፣ ቅጠሉን መናቅ ትልቅ ስሕተት ነው፤ እንዶድንም ያየነው ከእናቶች እጅ ነው። ችግሩ ጉንፋኑ ላይ ነው። ምንም ባይደረግለትም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት በአሥር ቀን ይለቃል። ስለዚህ የዳኑትን ብቻ ብንቆጥር ቅጠሉ ያዳነውንና ቀኑ ያዳነውን መለየት አንችልም። ቅጠሉን ያልወሰዱ ሰዎች ጎን ለጎን ያስፈልጋሉ፤ ማን እንደሚወስድም በዕጣ መለየት አለበት።

በ1948 እንግሊዝ አገር የታተመው የስትሬፕቶማይሲን ጥናት እንዲህ ነው የተሠራው። 107 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በታሸገ ፖስታ በዕጣ ተለዩ። 55ቱ መድኃኒቱንና የአልጋ ዕረፍት፣ 52ቱ ዕረፍት ብቻ። ራጁን ያነበቡት ሐኪሞች የማን እንደሆነ አያውቁም። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኞቹ 14 ሞቱ። ዳማከሴም እንዲህ ያለ ክብር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ግን ሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና ያለ ራሱ ሰው ፈቃድ አይሞከርም።

ሙከራዬ «ልዩነት የለም» አለ። አማካሪዬ ድገም ይላል። ወደቅኩ ማለት ነው? (የማስተርስ ተማሪ)

አልወደቅክም። ማይክልሰንና ሞርሊ በ1887 ክሊቭላንድ ላይ ብርሃን በምድር ጉዞ ምክንያት ፍጥነቱ በአቅጣጫ ይለያይ እንደሆነ ለኩ። መሣሪያው ከባድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በሜርኩሪ ላይ ይንሳፈፋል። የጠበቁትን ልዩነት አላገኙም። ፊዚክስን ካናወጡት ውጤቶች አንዱ ያ ባዶ ውጤት ነው።

ቁልፉ ግን እዚህ ጋ ነው፦ መሣሪያቸው ልዩነቱ ቢኖር ኖሮ ያየው እንደነበር ማሳየት ችለዋል። አንተም ይህን አሳይ። ሙከራህ ቢያንስ ምን ያህል ልዩነት መለየት ይችል ነበር? 5 በመቶ? 50 በመቶ? 50 ከሆነ «የለም» ማለት አትችልም፣ «አላየሁም» በል።

ኒውትሪኖ ከብርሃን ፈጠነ ብለው አልነበር? እንዲህ የሚሳሳቱትን ለምን እንመን? (ከዱባይ)

እኔ በዚያ ታሪክ ምክንያት ይበልጥ አምናቸዋለሁ። በ2011 ከጄኔቫው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን ወደ ጣሊያኑ የግራን ሳሶ ላብራቶሪ 730 ኪሎሜትር የተላከ ኒውትሪኖ (እጅግ ጥቃቅን ቅንጣት) ከብርሃን 60 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ያህል ቀድሞ የደረሰ መስሎ ታየ። ቡድኑ ወራት ፈተሸ፣ ስሕተቱን አላገኘም፤ ከዚያ ሥራውን ለዓለም ዘርግቶ «መርምሩልን» አለ። በኋላ ዋናው ችግር በደንብ ያልጠበቀ የፋይበር ገመድ ማያያዣ ሆኖ ተገኘ። በ2012 እዚያው ግራን ሳሶ ያለ ሌላ ቡድን ለካ፤ ከብርሃን የፈጠነ ነገር አልተገኘም። ራሳቸው ፈለጉ፣ ራሳቸው አገኙ፣ ራሳቸው ተናገሩ።

ሲሙሌሽን ካለ ሙከራ ለምን ያስፈልጋል?

ሲሙሌሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር ነገሩን አስመስሎ መሥራት፣ የሚያውቀው የሰጠኸውን ነው። ራይት ወንድማማቾች በ1901 ከመጽሐፍ ያገኙት ቁጥር ከክንፋቸው ጋር አልስማማ ሲላቸው ትንሽ የነፋስ ሳጥን ሠርተው ራሳቸው ለኩ። በ1903 በረሩ። ሁለቱም ይኑርህ።

ትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ የለውም። ለልጆቹ ምን ላሠራቸው? (መምህርት፣ ከገጠር)

ክርና ድንጋይ ይበቃሻል። ክሩ ከታሰረበት እስከ ድንጋዩ መካከል 1 ሜትር ይሁን። ትንሽ ብቻ ገፋ አድርገው ይልቀቁት። 20 ሙሉ ውዝዋዜ በስልክ ሰዓት ይቁጠሩ፦ 40 ሰከንድ አካባቢ ይመጣል። ድንጋዩን በሌላ ከባድ ድንጋይ ይቀይሩ፤ ከመለካታቸው በፊት ግን ምን እንደሚሆን እያንዳንዱ ይጻፍ። ጊዜው አይለወጥም፣ ብዙዎቹም ይገረማሉ። ቀጥሎ ክሩን ወደ 25 ሳንቲሜትር ያሳጥሩት፤ ርዝመቱ አንድ አራተኛ ሆኖ ጊዜው ግን ግማሽ ይሆናል። ለምን ግማሽ? አትንገሪያቸው፤ 50 እና 75 ሳንቲሜትርን ራሳቸው ሞክረው ግራፍ ይሥሩ። በእስክርቢቶ ይጻፉ፣ የተሳሳተውን ቁጥር በአንድ መስመር ይሰርዙት እንጂ ገጹን እንዳይቀዱት። የሁሉም ቡድን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ይውጣ፣ የተለየውም ጭምር።