ገበሎው የሚነቀንቀው ለማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሸዋሮቢት ነው። ከግቢያችን ካብ ላይ ራሱ ሰማያዊ የሆነ ትልቅ ገበሎ አለ። ሰው ሲያይ ራሱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። አንዳንዴም በፊት እግሮቹ ተነሥቶ ፑሽ አፕ ይሠራል። የዘጠኝ ዓመት ልጄና ጓደኞቹ «እየሰደበን ነው» እያሉ በድንጋይ ያሳድዱታል። ተዉ ብላቸው አልሰማ አሉኝ። እውነት ለእኛ ነው የሚነቀንቀው? መርዝስ አለው? ደግሞስ እስስት ቀይ ጨርቅ ላይ ብትቀመጥ ቀይ ትሆናለች የሚባለው ልክ ነው?
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከመርዙ ልጀምር። ገበሎ መርዝ የለውም፤ እስስትም የላትም። በእጅ ከያዙት ሊነክስ ይችላል። ካልነኩት አይነካዎትም፤ ጉንዳንና ሌላ ነፍሳት እየለቀመ ይውላል።

ወደ ንቅናቄው እንምጣ። ያ ገበሎ አብዛኛውን ጊዜ የሚነቀንቀው ለሌላ ገበሎ ነው። ደምቆ የሚታየው እሱ የካቡ የበላይ ነው። ልብ ብለው ካዩ ግን ብቻውን አይደለም። እዚያው አካባቢ ግራጫና ቡናማ የሆኑ ሌሎች አሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከመካከላቸው ደግሞ ወጣት ወንዶች ይኖራሉ። እነሱ ቀለማቸውን ደብቀው ዳር ዳሩን ይላሉ። የበላዩ ከሞተ ወይም ከተሸነፈ ከነዚህ አንዱ ሰማያዊውን አውጥቶ ቦታውን ይወርሳል። ስለዚህ ልጆቹ ይህን ቢገድሉት ነገ ሌላው እዚያው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይነቀንቃል።

ንቅናቄው የሚለው በአጭሩ «እዚህ አለሁ፤ ቦታው የኔ ነው» ነው። ለሴቷም ሲነቀንቅ ያው ነው፤ አለሁ ይላል። ደጋግሞ ፑሽ አፕ መሥራት ያደክማል። ደካማ ብዙ ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ ተመልካቹ ገበሎ ከሩቅ ሆኖ የባለቤቱን ጉልበት ይገምታል። አልችለውም ብሎ ካመነ ሳይነካካ ይመለሳል።

ደብረ ሲና ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼን ከክፍል አውጥቼ ካብ ፊት ለፊት አስቀምጣቸው ነበር። አንድ ቀን ሁለት ወንዶች ተጋጠሙልን። መጀመሪያ ተራ በተራ ነቀነቁ። አንዱ አልመለስ ሲል ሁለቱም ጎን ለጎን ዞሩ። ጉሮሯቸውን ነፉ፣ ሆዳቸውን ከግራ ከቀኝ አጥብበው ጎናቸውን እንደ ሳንቃ ሰፊ አደረጉት። ከዚያ በጭራ ተገራረፉ። ጭራው ቆዳ ላይ ሲያርፍ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር። ተሸናፊው ሆዱን ድንጋዩ ላይ ለጠፈ። የጭንቅላቱ ሰማያዊ ቀለም ዓይናችን እያየ ደበዘዘና ቡናማ ሆነ። አሸናፊውም ወዲያው ተወው። ከዚያ ወዲህ ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል ገበሎ የሚወግር አላየሁም።

ቀለሙ በሙቀትም ይለዋወጣል። ገበሎ ሙቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይ ነው። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ቢያዩት ደብዛዛ ነው። ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ከሞቀ በኋላ፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ ሰማያዊው ይፈካል። የእናንተ አገር ቆላ ስለሆነ ቶሎ ይሞቅለታል፤ ደብረ ብርሃን ቢሆን ብዙ ይጠብቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 በካሪቢያን ባሕር ባለችው ደሴት በፖርቶ ሪኮ ደን ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናት አለ፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ተመራማሪዎች እንሽላሊት የሚመስል ሮቦት ሠርተው ዛፍ ላይ አስቀመጡ። ደኑ ጨለምለም ያለ ነው፤ ቅጠሉም በነፋስ ይወዛወዛል። ሮቦቱ ዋናውን መልእክት ከማሳየቱ በፊት ፈጠን ያለ ፑሽ አፕ ሲሠራ የዱር እንሽላሊቶቹ ቶሎ ዞረው አዩት። እውነተኞቹም ማየት በሚያስቸግርበት ጊዜ እንዲሁ ያደርጋሉ። እኛ ገበያ መሀል ሰው ስንጠራ «ስማ እስኪ!» ብለን እንደምንጀምረው ነው።

ልጅዎ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። አንዳንድ እንሽላሊቶች ለጠላትም ይነቀንቃሉ። እዚያው ፖርቶ ሪኮ ያለ አንድ ዝርያ እባብ ሲጠጋው ፑሽ አፕ ይሠራል። አብዝተው የሠሩት ሲፈተኑ ቶሎ የማይደክሙት ሆነው ተገኙ። መልእክቱ «አይቼሃለሁ፤ ብታባርረኝም አትደርስብኝም» ነው። የእናንተም ገበሎ ድንጋይ የያዘ ልጅ ሲያይ ይህንኑ ቢል አይፈረድበትም። ስድብ ግን አይደለም።

የእስስቷ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ቀይ ጨርቅ ላይ ስላስቀመጧት ቀይ አትሆንም። ቅጠል የምትመስለው የተለመደ ቀለሟ ራሱ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ስለሆነ ነው። ቀለም የምትለውጠው በዋናነት ከሌላ እስስት ጋር ለመነጋገርና ሙቀቷን ለማስተካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ተመራማሪዎች የማዳጋስካርን እስስት መርምረው አሠራሩን አሳይተዋል። ቆዳዋ ሕዋሳት ውስጥ በጣም ደቃቅ ክሪስታሎች አሉ። ረጋ ስትል ተጠጋግተው ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ፤ ከላይ ካለው ቢጫ ቀለም ጋር ተደርቦ አረንጓዴ ይታያል። ስትቆጣ ክሪስታሎቹ ይራራቃሉ፤ ቆዳውም ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ይሄዳል። ከባሕር ማዶ የመን ያለው እስስት ደግሞ ሲጣላ ይደምቃል፤ የጭንቅላቱ ቀለም ፈጥኖ የደመቀው አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል። የተሸነፈው ይጠቁራል፤ ያኔ ዱላው ይቀርለታል። እኛም ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማትገኝ የራሳችን እስስት አለችን። አጥር ላይ ካገኛችኋት ተዋት።

ለልጅዎ «ተው» ማለቱ ብቻውን አይበቃም፤ ሥራ ይስጡት። ደብተር ይዞ ከካቡ 5 ወይም 6 ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጥ። ከዚያ ከቀረበ ገበሎው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ማን ቀድሞ ነቀነቀ፣ ስንት ጊዜ፣ ሌላው ምን መለሰ ብሎ ይጻፍ። የጻፈውን ይላክልኝ፤ በዚሁ ዓምድ አወጣለታለሁ።