ጭቃ ሹምን ጠይቁት፦ የጃፓን ሸክላ

ጭቃ ሹም፦ ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ እስከ አራት ሰዓት አለሁ። ሙያዬን የተማርኩት ጃፓን፣ ኦካያማ ውስጥ፣ ቢዜን በምትባል የሸክላ ከተማ ነው፤ ዕቃውም በስሟ ቢዜን ይባላል። ስለ እሳትና አመድ ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። በዋጋ ጥያቄ ግን አታድርቁኝ።

የቦሌዋ፦ የተሰበረ ስኒ በወርቅ የሚጠገንበትን ኪንፁጊ ቤት ውስጥ በኢፖክሲ ማጣበቂያ መሥራት ይቻላል?

ጭቃ ሹም፦ ማጣበቅ ትችያለሽ፣ ኪንፁጊ ግን አይባልም። ኪንፁጊ በኡሩሺ ነው፣ ከዛፍ በሚቀዳ ሙጫ። የሚጠነክረው ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ነው፣ ሳምንታት ይፈጃል። ወርቁ መጨረሻ ላይ ይነሰነሳል። ያልደረቀ ኡሩሺ በባዶ እጅ አይነካም! ሽፍታው አያስተኛም። ቀጣይ።

ደጀን፦ ቢዜን ዕቃ ላይ ያለው ቀይ መስመር በምን ቀለም ነው የሚሳለው?

ጭቃ ሹም፦ እሰይ፣ ጥያቄ መጣ! ቀለም የለም። ብሩሽም የለም። ግሌዝ የምትሉት ብርጭቆ መሳይ ቅብም የለም። አፈሩ ከሩዝ ማሳ ሥር ይወጣል፤ የሚያጣብቅ፣ ብረት የበዛበት አፈር ነው። ድንገተኛ ሙቀት አይወድም፣ ቶሎ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው እቶኑ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት የሚነደው፣ ሌት ተቀን፣ ከ1200 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ። እንጨቱ ቀይ ፓይን ነው።

ቀዩ መስመር ሂዳሱኪ ይባላል። ዕቃዎቹ እንዳይጣበቁ የሩዝ ገለባ ይጠመጠምባቸዋል። ገለባው ይነዳል፤ በውስጡ ያለው ፖታሺየም ከአፈሩ ብረት ጋር ተገናኝቶ ቀይ ጠባሳ ይተዋል። በራሪው አመድ ደግሞ ትከሻው ላይ አርፎ ይቀልጣል። ጎማ ይሉታል፤ የመኪናው አይደለም፣ በጃፓንኛ ሰሊጥ ማለት ነው። መጀመሪያ በእጄ የያዝኩት የሳኬ፣ የሩዝ መጠጥ፣ ጠርሙስ ወደ እሳቱ የዞረው ጎኑ ቢጫ ሰሊጥ የተበተነበት ይመስል ነበር። ጀርባው ባዶ፣ ቡናማ። እሳቱ በየት በኩል እንዳለፈ በጣት ዳስሰህ ታውቀዋለህ።

የወሎ ልጅ፦ ይሄማ የኛው ጀበና ነው። እኛስ መቼ ቅብ ቀባን?

ጭቃ ሹም፦ በቅቡ ልክ ነህ። የኛ ግን ሜዳ ላይ በሰዓታት ያልቃል፣ ከ1000 ዲግሪ በታች። ቢዜን ጠጥሮ ድንጋይ ይሆናል።

እንኮዬ፦ የኛ ያንሳል ልትል ነው?

የወሎ ልጅ፦ ተዪው! ቢዜኑን እስቲ ከሰል ላይ ጥዶ ቡና ያፍላበት፣ ሲሰነጠቅ እናያለን።

ጭቃ ሹም፦ እሱስ እውነት ነው። ቢዜን እሳት ላይ አይጣድም። ረታችሁኝ፣ እንለፍ።

ሪያድ ነኝ፦ ጃፓን፣ አሪታ የሚሠራው ፖርሴሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ የኮሪያ ነው የጃፓን?

እንኮዬ፦ የኮሪያ ነው፣ ሰዎቹን አፍሰው ነው የወሰዷቸው።

ደጀን፦ አፈሩ የጃፓን ከሆነስ?

ጭቃ ሹም፦ የጃፓኑ ገዥ ሂዴዮሺ በፈረንጆቹ ከ1592 እስከ 1598 ኮሪያን ሲወር ሸክላ ሠሪዎች ተወስደው መጡ። የአሪታ ፖርሴሊን ከዚያ ወዲህ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ነጭ ዕቃ አይማርከኝም፣ ሌላ ሰው ይንገራችሁ።

ሳሚ፦ ራኩ የሚባለውን ሸክላ ከእቶን እንደወጣ ሰጋቱራ ውስጥ የሚከቱት ለምንድነው?

ጭቃ ሹም፦ እሱ የአሜሪካኖች ነው፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የተስፋፋ። የኪዮቶው ራኩ በ16ኛው መቶ ዓመት በሸክላ ሠሪው ቾጂሮ እጅ፣ ለሻይ ሥርዓት ሊቁ ለሴን ኖ ሪኪዩ ተጀመረ። መሽከርከሪያ የለም፣ በእጅ ይበጃል። እንደጋለ በጉጠት ይወጣል፣ በቃ። ሰጋቱራ ውስጥ የገባውን ግን ለጌጥ አስቀምጡት። ሾርባ አትጠጡበት።

ቤቲ፦ ጥሩ ሸክላ የትኛው ነው?

ጭቃ ሹም፦ ለምን? ለሻይ? ለአበባ? ጥያቄ አድርጊው እንጂ።

ሳሚ፦ ኪንፁጊ በሱፐር ግሉ ይሆናል?

ጭቃ ሹም፦ ከላይ አንብብ። ኡሩሺ። በባዶ እጅ አይነካም። ስንቴ ልበል?

ደጀን፦ ገለባው የጤፍ ቢሆንስ?

ጭቃ ሹም፦ አልሞከርኩትም። ቅብ ያልነካው፣ ብረት ያለው አፈር ያዝ። ሁለት ስኒ ሥራ፤ አንዱን በሩዝ፣ አንዱን በጤፍ ጭድ ጠቅልል። አመድ እንዳይደርስባቸው ክዳን ባለው የሸክላ ዕቃ ውስጥ ከተህ አቃጥል። እቶኑ ሳይበርድ እንዳትከፍት። የወጣውን ሁለቱንም አምጣልኝ፣ የተሰነጠቀም ቢሆን።