ከቁርጥራጭ ቆዳ የፑል ዱላ ጫፍ ይወጣል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምሠራው ጫማ ቤት ነው። ብዙ ቁርጥራጭ ቆዳ ይጣላል። ሰፈራችን ያለው ፑል ቤት ደግሞ የዱላዎቹ ጫፍ ቆዳ እያለቀ ይቸገራል። ክብ ክብ አድርጌ ቆርጬ ብሸጥላቸውስ? (ከመርካቶ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ደስ ይላል። ግን መቁረጡ ቀላሉ ነው። ሙያው ያለው ቆዳውን መምረጡና መጠቅጠቁ ላይ ነው።

የጫማ ፊት ቆዳህን እርሳው። አብዛኛው በክሮም የለፋ፣ ለስላሳና ተለጣጭ ነው። የአገራችን የበግ ቆዳ ውጭ አገር ለጓንት የሚፈለገው ስስ ሆኖ ስለሚለጠጥና ስለማይቀደድ ነው። ለዱላ ጫፍ ግን መለጠጡ አይሆንም። ጥቂት ከተመታበት ጠርዙ ወደ ጎን ይወጣና ኳሱ ላይ መሸራተት ይጀምራል።

ጃፓኖቹ የዱላ ጫፍ አምራቾች፣ እነ ካሙይ የሚባለው ድርጅት፣ ስስ የአሳማ ቆዳ ደራርበው በሙጫ ይጫኑታል። ከዚያ ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ጠንካራ እያሉ ይለዩታል። ተጫዋቹ ብዙ ብር የሚያወጣው ለዚህ ነው። ዛሬ የለመደውን ጫፍ ነገም ሲገዛ ያው እንዲሆንለት ይፈልጋል።

አንተ በአሳማ አትድከም፤ የበሬ ቆዳ ሞልቶልሃል። በዛፍ ቅርፊት የለፋውን ወፍራም የሶላ ቆዳ ያዝ። ከጀርባው በኩል ቁረጥ፤ የሆዱ ልል ነው። የፑል ዱላ ጫፍ 13 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ በ14 ቆርጠህ ከተለጠፈ በኋላ ከርክመው። ስኑከር ለሚባለው የፑል ዘመድ ጨዋታ ዱላ 10 ይበቃል። የቆረጥከውን በሁለት ጠፍጣፋ ብረት መሃል አድርገህ ሞርሳ ውስጥ አሳድረው። ጠዋት አንድ በአንድ ሲሚንቶ ላይ ጣል ጣል እያደረግህ አዳምጥ። ጠጣሩ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ልሉ ደነዝ ያለ ነው። ድምፃቸው የተቀራረበውን አንድ ላይ አድርግ። ይቺን ካላደረግህ ደንበኛ አይቆይልህም።

ይሄ ትንሽ ቆዳ የሚናቅ አይደለም። ድሮ የሚመታው በባዶ እንጨት ነበር። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ፍራንሷ ሜንጎ የተባለ ፈረንሳዊ መኮንን ቆዳ ለጠፈበትና ኳሱን ወደ ኋላ እያሽከረከረ መመለስ ቻለ። ዛሬ ልጆቹ ፑል ቤት የሚያሳዩት ጥበብ ሁሉ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

ለመሸጥ አትቸኩል። መጀመሪያ ለባለቤቱ ሁለት ሦስቱን በነፃ ለጥፍለት፤ ብዙ ሰው የሚያነሳው ዱላ ላይ ይሁን። ከመለጠፍህ በፊት የቆዳውን ጀርባም የዱላውንም ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ አለዚያ ሙጫው አይዝም። ከሳምንት በኋላ ሂድና ጠርዙን በጣትህ ዳስሰው። ካልወጣ ያን ጊዜ ዋጋ ተነጋገሩ።