መልስ፦ ከሜይ ሲንክሌር ጀምር

ወንድሜ፣ የሰውን ውስጥ የሚፈትሽ ልብ ወለድ የጻፈ የተረሳ እንግሊዛዊ ደራሲ ማን አለ ላልከው፣ እኔ ያለማመንታት ሜይ ሲንክሌርን እልሃለሁ። በዘመኗ ስመ ጥር ነበረች፤ ኋላ እንደ ቨርጂኒያ ዉልፍ ያሉ ደራሲያን ጋረዷት።

በ1922 እ.ኤ.አ. ከወጣው «የሃሪየት ፍሪን ሕይወትና ሞት» ጀምር፤ አጭር ነው። ሃሪየት የጓደኛዋን እጮኛ ታፈቅራለች፣ እሱም ይወዳታል። ወላጆቿ ያስተማሯትን ጨዋነት አስባ እምቢ ትለዋለች፤ ዕድሜዋን ሙሉም በዚህ መሥዋዕትነቷ ስትኮራ ትኖራለች። ጓደኛዋ ግን ካገባችው በኋላ ሽባ ሆና ትቀራለች፣ እሱም አስታማሚ። ከዓመታት በኋላ የሰውየው ዘመድ የሆነች ወጣት፣ ያ እምቢታ ራስ ወዳድነት እንደነበር ፊት ለፊት ትነግራታለች። እዚያ ቦታ ስትደርስ አትቸኩል፤ የመጽሐፉ ጉልበት ያለው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ሌላውን ልብ ወለዷን «ሜሪ ኦሊቪየር»ን ያዝ። ሁለቱንም ቪራጎ የተባለው አሳታሚ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ዳግም ስላሳተማቸው አሮጌ ቅጂ አይጠፋም።