ተከላው ሊያልቅ ሲል ቆሞ ሲቀር

ጥያቄ፦ ኤፍፒጂኤ (ውስጣዊ ሰርኪዩቱ በተጠቃሚው የሚቀረጽ ቺፕ) ለመማር አስቤ፣ ለዚህ የሚያገለግለውን ቪቫዶ የተባለ ሶፍትዌር ኡቡንቱ 24.04 በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ለመጫን ሞከርኩ። ማውረዱም መጫኑም ያለ ችግር ከሄደ በኋላ፣ ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው የተጫኑትን ቺፖች ዝርዝር እያዘጋጀ እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ አሳይቶ ለሰዓታት ቀጥ አለ። የስህተት መልእክት አልሰጠኝም። ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ደግሜ ብጀምረውም ውጤቱ ያው ነው። ኮምፒውተሬ አቅም አንሶት ይሆን? ቺፑ ያለበትን የመማሪያ ቦርድ ከሊኑክስ ጋር ማገናኘትም የራሱ ጣጣ እንዳለው ሰምቻለሁና እሱንም ብታብራሩልኝ።

መልስ፦ ኮምፒውተርዎን አይጠርጥሩ። ኢንስቶለሩ እዚያ ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ ገና አሁን የጫነውን ቪቫዶን ራሱን ከበስተጀርባ አስነስቶ የቺፖቹን ዝርዝር እንዲያወጣለት ያዘዋል። ብዙዎቹ የቪቫዶ እትሞች ግን ሊብቲንፎ 5 የተባለውን የቆየ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት የኮድ ስብስብ) ስለሚፈልጉና ኡቡንቱ 24.04 የሚያቀርበው 6ኛውን ብቻ ስለሆነ፣ ቪቫዶ ሳይነሳ ይቀራል፤ ኢንስቶለሩም ይህን ሳያውቅ የማይመጣ መልስ ሲጠብቅ ይኖራል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ቢተዉትም ለውጥ አያገኙም። ለማረጋገጥ፣ ቪቫዶን ከተጫነበት ፎልደር በተርሚናል በቀጥታ ያስነሱት፤ ሊብቲንፎ.ኤስኦ.5 የተባለው ፋይል ሊከፈት እንዳልቻለ የሚናገር መስመር ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መፍትሔው ከኡቡንቱ 22.04 የዩኒቨርስ ማከማቻ የሊብቲንፎ 5ንና የአጋሩን የሊብንከርስስ 5ን ፓኬጆች አውርዶ በአፕት (በኡቡንቱ የፓኬጅ መጫኛ ትእዛዝ) መጫን ነው። አንዳንዶች 6ኛውን ላይብረሪ በአቋራጭ ሊንክ 5ኛ አስመስለው ያልፉታል። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ እትሞች ፍጹም አንድ ስላልሆኑ እኔ አልመክረውም። ከዚያ የተንጠለጠለውን ኢንስቶለር ዘግተው ተከላውን ይድገሙት። በዚህ አጋጣሚ የእርስዎ ቦርድ የሚጠቀምበትን የቺፕ ቤተሰብ ብቻ ይምረጡ፤ ለምሳሌ አርቲክስ 7 ከሆነ ሌሎቹን ሁሉ ምልክታቸውን ማንሳት በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ያድንልዎታል። የሚጫንበት ፎልደር ስምም ክፍት ቦታ ባይኖረው ይሻላል።

ወደ ቦርዱ ስንመጣ፣ ጣጣው በአብዛኛው የፈቃድ ጉዳይ ነው። የኬብሉ ድራይቨር የሩት (የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ሥልጣን ስለሚጠይቅ፣ እንደ ተራ ተጠቃሚ ሆነው ቪቫዶን ሲጭኑ አብሮ አይጫንም። በቪቫዶ ፎልደር ውስጥ፣ ዳታ በሚለው ሥር፣ የኬብል ድራይቨሮች ከተቀመጡበት ቦታ ገብተው ኢንስቶል ድራይቨርስ የተባለውን ስክሪፕት በሱዶ (በሩት ሥልጣን በሚያስኬደው ትእዛዝ) ያስኪዱት፤ የዩዴቭ ደንቦቹን፣ ማለትም መሣሪያውን ማን መጠቀም እንደሚችል የሚወስኑትን፣ ቦታቸው ላይ ያስቀምጥልዎታል። ከዚያ ገመዱን ነቅለው መልሰው መሰካትዎን አይርሱ፤ አዲሶቹ ደንቦች የሚሠሩት ቦርዱ እንደ አዲስ ሲታይ ነው። የተሰኩ የዩኤስቢ መሣሪያዎችን የሚዘረዝረውን ኤልኤስዩኤስቢ የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጡ 0403:6010 የሚል ቁጥር ከወጣ፣ በብዙ የመማሪያ ቦርዶች ላይ ያለውን፣ ቦርዱን ከዩኤስቢ የሚያገናኘውን የኤፍቲዲአይ ቺፕ ኮምፒውተሩ አይቶታል ማለት ነውና ገመዱን መቀያየር ትተው ፈቃዱን ይመርምሩ። ቪቫዶን ራሱን ግን በሱዶ አያስነሱ። ለጊዜው ቢሠራም የሩት ንብረት የሆኑ ፋይሎችን በፕሮጀክትዎ ውስጥ ይተውና በማግስቱ ከራስዎ ሥራ ያስቆልፍዎታል።

የቪቫዶን ትእዛዞች ለተርሚናል የሚያስተዋውቀውን ሴቲንግስ64 የተባለውን ስክሪፕትም፣ ተርሚናል በተከፈተ ቁጥር በሚነበበው የባሽ ማስጀመሪያ ፋይል ውስጥ ባያስገቡት ይመረጣል፤ ከሲስተሙ ፕሮግራሞች ይልቅ የቪቫዶን ስለሚያስቀድም ሌላ ሥራዎ ላይ ግራ የሚያጋባ ስህተት ሊያመጣ ይችላል። ሲያስፈልግዎ በከፈቱት ተርሚናል ብቻ ይጥሩት።

ቦርድዎ ላይ ያለው ቺፕ ላቲስ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው አይስ40 ወይም ኢሲፒ5 ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባልኖረ ነበር፤ ዮሲስንና ኔክስትፒኤንአርን የተባሉ ነጻ የዲዛይን መሣሪያዎችን የያዘው ኦኤስኤስ ካድ ስዊት አንድ የታመቀ ፋይል ፈትቶ መጠቀም ብቻ ይበቃዋል። ለእርስዎም ቢሆን ቪቫዶ እስኪወርድ እጅዎን አጣጥፈው መቀመጥ የለብዎትም። ዲዛይኑን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያስኬደውን አይካሩስ ቬሪሎግንና ውጤቱን በሞገድ መልክ የሚያሳየውን ጂቲኬዌቭን ከኡቡንቱ ማከማቻ በአንድ ትእዛዝ ጭነው፣ የመጀመሪያ ቆጣሪዎን ጽፈው ሞገዱን ስክሪን ላይ ማየት ይችላሉ፤ ለዚህ ቦርድም ሆነ ላይሰንስ አያስፈልግም።